ክፍት ነው ብዬ የጻፍኩት መንገድ

የስዊዘርላንድ የበረዶ ዘገባ አይዋሽም ይባላል። ይዋሻል። የዋሸውን ዘገባ አውቀዋለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሚስቴም፣ ለፓስተሩም፣ ያለ ማቋረጥ ለምለፈልፍባቸው ወዳጆቼም። ከአሥር ዓመት በላይ ስለ ሰው ልጅ ሐቀኝነት መጣጥፍ ስጽፍ ኖሬ ይህቺን አንድ ነገር እየዘለልኩ አልፌያታለሁ። ንስሐ አባት የለኝም፤ ስለዚህ እናንተን ይዣለሁ። ያልፈለገ ገጹን ይግለጥ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ከወጡት አንዱ ነኝ። ዙሪክ፣ ዜባህ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁና ጋዜጠኛ ነበርኩ ብል ማንም ግድ እንደሌለው በሦስት ወር ገባኝ። ክረምት ሲገባ፣ የእነሱን ክረምት ማለቴ ነው፣ ከከተማው ሁለት ሰዓት በሚርቅ የበረዶ መንሸራተቻ ተራራ ላይ ሥራ አገኘሁ። ጠዋት በሽቦ ገመድ በምትሄደው ጎንዶላ እወጣለሁ፤ ከተተከለው እንጨት ላይ የበረዶውን ጥልቀት አነባለሁ፤ ከዚያ ለማይንሸራተቱ ሰዎች የተጠረገውን የእግር መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ እሄድበታለሁ። ስመለስ ቅጽ እሞላለሁ፦ በረዶው ስንት ነው፣ አዲስ ነው ወይስ የጠጠረ፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ። ቅጹ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሰው እሱን አምኖ ጫማውን ያስራል። አለቃዬ ኡርስ የነገረኝ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ ያልረገጥከውን አትጻፍ። አገር ቤት ጋዜጣ ላይ ስሠራ እንዲህ ያለኝ አለቃ አልነበረም።

በዚያ ዘመን የዙሪክና የጄኔቭ አማኞቻችን ተኳርፈው ነበር። ምርጫው አገር ቤት የለኮሰው ጠብ ዘግይቶ እኛ ዘንድ ደረሰ፤ ሲደርስ ግን የመዝሙር ጠብ መስሎ ነው። ማን ይዘምር፣ ማን ይጸልይ፣ ማን ማንን ሳይጨብጥ አለፈ። እኔ ከሁለቱም ጋር ስለማልስማማ አስታራቂ አደረጉኝ። ሁለት ወር ተመላልሼ፣ ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በአንድ ቅዳሜ ተራራዬ ላይ እንዲገናኙ አስማማኋቸው። ፊት ለፊት ተቀምጠው ከሚነታረኩ ጎን ለጎን ቢራመዱ ይሻላል አልኩ። ሐሳቡ የእኔ፣ መንገዱ የእኔ፣ እርቁም የእኔ! ሰው በትሕትና ስም እንዴት እንደሚኮራ ያየሁት በራሴ ነው።

ዓርብ ዘነበ፤ ሲነጋጋ ውርጭ መታው። ቅዳሜ ጠዋት መንገዱን እስከ እኩሌታው ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ጥዶቹ ሥር ፀሐይ የማያገኘው ኩርባ አለ፤ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው እዚያ ወርዶ እንደ መስተዋት እንደሚረጋ አውቅ ነበር። እሄዳለሁ ስል ስልኬ ጮኸ። የጄኔቮቹ መሪ ወንድም ዳንኤል ነው፤ ከአውቶቡስ።

«ወንድሜ፣ ተራራህ እንዴት አደረ?»

«ደህና አደረ።»

«እውነቱን ንገረኝ። እዚህ ግማሹ ሰው መመለሻ ሰበብ እየፈለገ ነው። ዝግ ነው ካልከኝ ሎዛን ላይ እንዞራለን፤ ከዞርን ደግሞ ሁለተኛ አይመጡልህም።»

«ኑ እባክህ፣ ክፍት ነው።»

ከኋላው የሴት ድምፅ ተሰማ። «ክፍት ነው አለ? ብወድቅ የሚሸከመኝ እሱ ነው በለው! ሰማንያ ኪሎ ነኝ!» አውቶቡሱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ስልኩን ዘጋሁና ተመለስኩ። ወደ ኩርባው አልሄድኩም። ለምን? ከሄድኩ እንደማየው አውቃለሁ፤ ካየሁት መዝጋት አለብኝ። ስለዚህ አላየሁም። እንዳያንሸራትት በረዶ ላይ የሚበተነው ጠጠር ያለበት ሳጥን ሃምሳ እርምጃ አይርቅም ነበር፤ አንድ አካፋ ጠጠር መበተን ያቅተኝ ነበር? አላቀተኝም። እንግዶቼን በር ላይ ቆሜ ለመቀበል ቸኮልኩ። ወርጄ ጻፍኩ፦ የእግር መንገድ፣ ሙሉ በሙሉ ክፍት፣ ሁኔታው ጥሩ። ፈረምኩ።

ያቺ በስልክ የቀለደችው ትርሲት ነበረች። ጄኔቭ፣ ሻትሌን ሰፈር ትኖራለች፤ አንድ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ልብስ ታጥብ ነበር። መኖሪያ ፈቃዷ ጊዜያዊ ነው፤ አዲስ አበባ ያለች አንድ ልጇን ለማምጣት ራሷን በሥራዋ እንደምታስተዳድር ማሳየት ነበረባት። የሚጠየቀው ጊዜ ሊሞላላት የቀረው ጥቂት ወር ነው። ልጅቷ ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አሥራ ስምንት ከሞላት በሩ እንደሚዘጋ ሁላችንም እናውቃለን።

ኩርባው ላይ ትርሲት ወደቀች። መሀል መንገድ ላይ፣ ከአንዲት የዙሪክ እህት ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲሄዱ። ጉልበቷ ሲሰበር ሰምቼዋለሁ። ዘርዝሬ አልጽፈውም።

ኡርስ በበረዶ ላይ የሚጎተተውን አልጋ ይዞ ደረሰ። ከዚያ በፊት እኔ ጀርመንኛ የሚሰሙትን ዙሪኮች «እዚህ አትከማቹ፣ ጎጆው ውስጥ ጠብቁን» ብዬ አሰናብቻቸው ነበር። አስቤበት ነበር? አስቤበታለሁ። ኡርስ በየት በኩል ስትሄድ እንደወደቀች እንድጠይቃት አዘዘኝ።

«መሀል መንገድ ላይ ነበርኩ በለው» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ምልክቱን ይዤ ነው የሄድኩት፤ አንድ እርምጃ አልወጣሁም።»

እኔም ፈረንሳይኛ እንጂ ጀርመንኛ በማይሰሙት ጄኔቮች ፊት፣ በጀርመንኛ፣ ገደሉን ልታይ ከምልክቱ ወጥታ እንደነበር ትናገራለች አልኩት። ኡርስ ጻፈ። ትርሲት ደግሞ እጄን ያዘችና «ተባረክ፣ አንተ ባትኖር በማን አፍ እናገር ነበር?» አለችኝ።

ይህንን ነው ያደረግሁት። የበረዶው ዘገባ ስህተት ነው ቢባል፣ እሺ፣ ሰው ይሳሳታል። ይኼኛው ስህተት አይደለም። በገዛ ቃሏ መሰከርኩባት።

ከዚያ በኋላ የሆነው የበለጠ ያንገበግበኛል። የጄኔቭም የዙሪክም ሰዎች በሆስፒታል አልጋዋ ዙሪያ እየተላቀሱ ታረቁ። እኔ ተመሰገንኩ! የአደጋው ወረቀት ሲደርሳት አንዱ ወንድም አነበበላት፤ ከመንገድ ወጥታ ነው ይላል። ሰዉም የወረቀቱን ቃል ተቀበለ። «ፈተና ነው» አለ አንዱ። «በዚህ ዕድሜዋ ገደል ለገደል ምን ያንከራትታታል?» አለች ሌላዋ፣ እኔ ፊት፣ ሻይዋን እየጠጣች። አብራት ክንዷን ይዛ የነበረችው እህት እንኳ «እኔማ እግሬን እያየሁ ነበር» አለች። በመጨረሻ ትርሲት ራሷ «ይሆናል፤ ሳላውቀው ወጥቼ ይሆናል» ማለት ጀመረች። ሰው የገዛ እግሩ የረገጠውን እንዲጠራጠር አደረግሁ። ከዚህ የበለጠ ሌብነት ካለ ንገሩኝ።

መቆም ስላልቻለች ሥራዋ ሄደ። ድና ሌላ ሥራ ስታገኝ ከሁለት ዓመት በላይ አልፎ ነበር፤ ልጅቷም አሥራ ስምንት ሞልቷት ነበር። ልጅቷ በስልክ «እኔን ልታመጪኝ ነው እያልሽ በረዶ ላይ ስትጫወቺ ተሰበርሽ» አለቻት። ይህን የነገረችኝ ራሷ ትርሲት ናት፤ እየሳቀች ልትነግረኝ ሞክራ አልሆነላትም። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ የእናቷን ስልክ አታነሳም። ስንት ዓመት? ብዙ ዓመት።

ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነበር፤ እኔም ጊዜያዊ ፈቃድ ነበረኝ፤ እርቁ እንዳይፈርስ ሰግቼ ነበር። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም አይጠቅምም። እሷም ከእኔ ጋር ያው ፈቃድ፣ ያው ፍርሃት ነበራት። በሰው ላይ ግን አልዋሸችም።

ለትርሲት ራሴ እነግራታለሁ፤ ይህን በምታነቡበት ጊዜ ሻትሌን ሄጄ ነግሬያት ይሆናል። እሱን ለእናንተ አልተውም። ልጅቷ ግን የእኔንም ስልክ አታነሳም፤ እናቷን ለጨዋታ የወሰደ ሰው ነኝና አልፈርድባትም። ከእናንተ ውስጥ የሚያውቋት አሉ፤ ያን ቀን አውቶቡሱ ውስጥ የነበራችሁም አላችሁ። ለእኔ አትጸልዩልኝ፣ «አይዞህ» ብላችሁም አትጻፉልኝ። ለልጅቷ ደውሉላትና እናቷ ምንም እንዳላጠፋች ንገሯት። ዛሬውኑ።