ሞት የማያውቀው ስም

ጠላቴ ምላሴ ነው። መርሳ ላይ ሱቅ ከፍቼ ስኖር ስንቱን ሰው አስቀይሜያለሁ፤ የጎረቤቴ የታደለች ግን ከሁሉም ይብሳል።

ታደለች መንገድ ዳር ማንጎና ብርቱካን ትሸጣለች። የመጀመሪያ ልጇ በስምንት ወሯ ትኩሳት ይዟት ወልድያ ሆስፒታል ሞተችባት። ሁለተኛዋ ስትወለድ እኔ ምን አቅለበለበኝ፣ «ምትኬ በያት እንጂ፣ ካሳሽ አይደለች!» አልኳት። አለቻት። ምትኬም በስምንት ወሯ፣ እዚያው ሆስፒታል፣ እህቷን ተከተለች። ታደለች አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር!

ሦስተኛዋ ስትወለድ አፌን ያዝኩ። ታደለች ራሷ ናት የተናገረችው። «እትዬ ሙሉወርቅ፣ በዘራችንም በአገራችንም ተጠርቶ የማያውቅ ስም ነው የምፈልገው። ምትኬ ስንላት ሰምቶ ነው የመጣው» አለችኝ። ማን ሰምቶ ብዬ አልጠየቅኳትም።

ግቢዬ ውስጥ የተከራየው ሳሙኤል ወልድያ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ያስተምራል። እሱን ለመነችው። ቅዳሜ ዕለት በወረቀት ጽፎ አመጣላት፤ ኒቭ፣ የአየርላንድ ስም ነው አለ። «ግን አስቢበት። ሲጻፍ ሌላ፣ ሲነበብ ሌላ ስለሆነ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ሲያዩት ግራ ይገባቸዋል። ነገ ውጭ ልማር ብትል በየደረሰችበት ስታስረዳ ልትኖር ነው።»

ታደለች ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። «እነሱን ግራ ካጋባ እሱንም ግራ ያጋባዋላ! ይሄው ይሁንልኝ።» ሳሙኤል ፈገግ አለ፤ እኔ ግን አማተብኩ።

ኒቭ ስምንት ወር በሞላት በሦስተኛው ቀን ገላዋ እሳት ሆነ። በሚኒባስ ወደ ወልድያ በረርን። ሲሪንቃ ስንደርስ ልጅቷ ዓይኗን ገለበጠች። ታደለች አላለቀሰችም፤ በነጠላዋ ሸፈነቻት።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ካርድ ልታወጣ «የልጅቷ ስም?» አለች። ታደለች ጭጭ። «ኧረ እናት፣ ስሟን ንገሪኝ!» ታደለች ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «እዚህ አይጠራም፣ እትዬ። ሁለቱንም የወሰደብኝ ከዚህ ነው። ይቺንም ስሟን ከሰማ አለቀልኝ።»

ነርሷ ተቆጣች፤ የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ። ልጅቷ ክንዴ ላይ በትኩሳት ትነድዳለች። ተይ ሞኝ አትሁኚ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ሙሉወርቅ ትባላለች። ሙሉወርቅ ብለሽ ጻፊ» አልኩ።

ታደለች ዞር ብላ አየችኝ። ያን አስተያየቷን እስክሞት አልረሳውም። ክንዴን ጨምድዳ ይዛ አልለቅም አለች።

አራት ቀን ሙሉ «የሙሉወርቅ እናት!» እየተባለ መርፌው ተወጋ፣ መድኃኒቱ ተሰጠ። በአምስተኛው ቀን ልጅቷ ጡት ፈለገች። ዳነችልን! ያን ቀን እያለቀስን እልል ስንል ነርሷ እንኳ አብራን አለቀሰች።

አሁን ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሙሉወርቅ ብለው ሲጠሯትም አቤት ትላለች። እናቴ ነፍሷን ይማርና፣ የጠራሽን ሰው ሳታዪ አቤት አትበይ፣ አቤት ያለ ይወሰዳል ትለኝ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ በጠራራ ፀሐይ ከሱቄ ውጭ «ሙሉወርቅ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብቅ ስል መንገዱ ላይ ማንም የለም። ኒቭ ብቻዋን ደጃቸው ላይ አፈር ታቦካለች። እሷም ሰምታ ኖሮ ቀና ብላ ባዶውን መንገድ ታያለች።

ገብቼ በሬን ልዘጋ ነበር። ልጅቷ አፏን ስትከፍት አየኋትና ቀደምኳት።

«አቤት!» አልኩ ጮክ ብዬ። «እኔ ነኝ! ሙሉወርቅ እኔ ነኝ!»