ቃሬዛ መሀል አስፋልት ሲይዝ፤ ከደብረ ማርቆስ ደምበጫ በብስክሌት

ለሌሎች ስታስረዱት የኖራችሁት ነገር አንድ ቀን በእውን ፊታችሁ ሲደቀን፣ የምትናገሩት ጠፍቷችሁ ያውቃል? እኔን ባለፈው ቅዳሜ አጋጥሞኛል።

የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ደብረ ማርቆስ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ሲሆን የትምህርት ቤታችንን የትራፊክ ክበብ እመራለሁ። ግቢው ውስጥ በኖራ ዜብራ አስምሬ፣ ግማሹን ተማሪ መኪና ግማሹን እግረኛ አድርጌ አለማምዳለሁ። እግረኛ ግራውን ይዞ ይሄዳል፤ ምክንያቱም ከፊቱ የሚመጣውን መኪና ማየት አለበት። ብስክሌት ግን እንደ ተሽከርካሪ ስለሚቆጠር ቀኙን ይዞ ከመኪናው ጋር በአንድ አቅጣጫ ይጓዛል። ይህን ስደጋግም አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እርስዎ በብስክሌት ከከተማ ወጥተው ያውቃሉ?»

አላውቅም ነበር። ጉዞው የተጀመረው ከዚያ ነው።

ከንጋቱ 12፡10፣ ደብረ ማርቆስ

ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ብስክሌቱን የተከራየሁት ከጎማ ጠጋኙ ከጋሽ ደሳለኝ ነው። ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ አየና አስረከበኝ። በላዬ የክበቡን አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሻለሁ።

«ፍሬኑን አምነህ ቁልቁለት እንዳትለቀው። ከኋላህ የሚመጣውን ደግሞ በጆሮህ እየው» አለኝ።

«ቀኜን ይዤ ነው የምሄደው ጋሼ፤ ሕጉ እንደዚያ ነው።»

«አይሱዙው ሕጉን አንብቦ ነው የሚመጣ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ገና ባጃጆቹ አልበዙም። የከተማው መጨረሻ ላይ ጭጋጉ ከስንዴው ማሳ ላይ እየተነሳ ነበር፤ በስተቀኝ ከባሕር ዛፉ በላይ የጮቄ ተራሮች ብቅ አሉ። በአውቶቡስ ብዙ ጊዜ አልፌበታለሁ፤ እንዲህ ግዙፍ መሆናቸውን ግን ለካ አላየሁም ነበር። ፔዳሉን መምታት አቁሜ ቆምኩ።

1፡40፣ መንገድ ላይ

የገበያ ሰው አስፋልቱን ሞልቶታል። ጤፍ የተጫኑ አህዮች፣ ዶሮ ዘቅዝቀው የያዙ ሴቶች፣ ጫማቸውን በዱላ ጫፍ አንጠልጥለው የሚሄዱ ሽማግሌዎች። አብዛኛው ሰው ቀኙን ይዞ፣ ጀርባውን ለመኪና ሰጥቶ ነው የሚሄደው። መምህርነቴ አላስችል አለኝና ከብስክሌቱ ወርጄ አንዲት አህያ የሚነዱ እናት ዘንድ ቀረብኩ።

«እናቴ፣ ግራዎን ቢይዙ ከፊት የሚመጣውን መኪና ያዩታል።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ግራው ጠጠር ነው ልጄ። ይህቺ ሰኮናዋን ታማብኛለች።»

«ቢሆንም አደጋ…»

«እንግዲያስ ለእሷ ንገራት! እሺ ካለችህ እኔም እከተላለሁ።»

ከኋላ ያሉት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። አህያዋን አየኋት፤ እሷም አየችኝ። ማስታወሻዬ ላይ «የግራው ዳር ለሰኮና አይመችም» ብዬ ጻፍኩ። መጽሐፋችን ውስጥ ይህ የለም።

3፡00፣ አማኑኤል

ሻይ በሁለት ዳቦ። ሁለት አይሱዙዎች በአንድ ክንድ ርቀት አልፈውኛል፤ ነፋሳቸው ብቻ ወደ ቦይ ሊከተኝ ነበር። የሻይ ቤቷ ባለቤት ሰደርያዬን አይታ «መንገድ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ? እኛ በር ላይ ያለውን ጉድጓድ መቼ ነው የምትደፍኑት?» አለችኝ። መምህር መሆኔን ስነግራት ስኳር ጨመረችልኝ።

3፡50፣ ከአማኑኤል ወዲያ

በስተግራ ካለው የገጠር መንገድ ብዙ ሰው እየተጣደፈ አስፋልቱ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ቀብር መስሎኝ ወረድኩ። ቀብር ግን እንዲህ አይሮጥም። ፊት ፊት አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ከፍ አድርገው «መንገድ! መንገድ ስጡ!» ይላሉ። ከኋላቸው አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመዋል። በጋቢ የተሸፈነችው ወጣት ሴት ምጥ ላይ ናት።

ሽማግሌው አያ ወርቁ ይባላሉ። እየተራመዱ ነገሩኝ፦ ምጡ ከትናንት ማታ ጀምሯል። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ማርቆስ ሄዷል። ቢጠብቁት እንዳይረፍድባቸው ፈርተው ጎህ ሲቀድ ተነሱ። አሁን ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፤ ይህን ዳገት ወጥቶ ከመታጠፊያው ወዲያ።

ቃሬዛው ግን መሀል አስፋልቱን ነው የያዘው።

«አባቴ፣ ግራውን ያዙ! ከመታጠፊያው ቁልቁል የሚመጣ መኪና አያያችሁም!»

«ዳሩ ያዘነበለ ነው» አሉኝ ሳይቆሙ። «በዳር ከሄድን ቃሬዛው ይጋደላል፣ ልጅቱም ትንሸራተታለች። መሀሉ ነው ሜዳው።»

ዳሩን አየሁት። እውነት ነው፤ ወደ ቦዩ አዘንብሏል። ከፊት በቀኝ የተሸከመው ባሏ ነበር፣ ይበልጣል ይባላል፤ ዞሮ «አይዞሽ ስንታየሁ፣ ደርሰናል» አላት።

«አንተ ፊትህን አይተህ ሂድ!» ስትል ጮኸችበት። ሰዉ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ፈገግ አለ።

አያ ወርቁ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። ዱላቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «አንተ ባለ ጎማ! ምን ትከተለናለህ? ቅደምና መንገዱን ያዝልን!»

ያን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። መታጠፊያውን አልፌ፣ ከሩቅ መታየት የምችልበት ቦታ ላይ ብስክሌቱን ጥዬ መንገዱ መሀል ቆምኩ። ወዲያው እህል የጫነ የጭነት መኪና ቁልቁል መጣ። በግቢያችን ዜብራ ላይ እንደማስተምረው እጄን ዘረጋሁ። ክላክሱን ለቀቀው። አልተንቀሳቀስኩም፤ ከጀርባዬ ያለችው ሴት ከቃሬዛ ላይ መዝለል አትችልም። ፍሬኑ ሸተተኝ። መኪናው ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

ሾፌሩ አንገቱን አወጣ። «ትራፊክ ነህ ወይስ እብድ?»

«ወላድ በቃሬዛ እየመጣች ነው!»

ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ሞተሩን አጠፋ፤ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባና ቁልቁል ሮጠ። ከኋላው የመጣ ሚኒባስም ቆመ። ቃሬዛው ሲደርስ የሚኒባሱ ሾፌር «በእኔ ትሂድ» ቢልም ስንታየሁ መቀመጥ እንደማትችል፣ ከቃሬዛው ከማውረድ ይልቅ የቀረችውን ጥቂት መንገድ መጨረስ እንደሚሻል ተነገረው። እሱም ሞተሩን አጥፍቶ በእግሩ ተከተለን። አውቶቡስ መጣ፤ አጠፋ። ተሳፋሪው ወረደ።

ከዚህ በኋላ ያየሁትን ለማስረዳት እቸገራለሁ። በዚህ አገር ቃሬዛ ያገኘ ወንድ ትከሻ ሳይሰጥ አያልፍም። ቃሬዛው አይወርድም፤ ተሸካሚው የሚቀየረው እየተሄደ ነው። አያ ወርቁ በዓይናቸው ቁመት ይለካሉ፦ ዳገት ላይ አጭሩ ከፊት፣ ረጅሙ ከኋላ ሆኖ ቃሬዛው እንዳያዘነብል። የጭነት መኪናው ሾፌር ረጅም ስለሆነ ከኋላ ገባ። እኔን አዩኝና «አንተ አጭር ነህ፣ ከፊት» አሉኝ። ብስክሌቴን አንድ የማላውቀው ሰው እየገፋልኝ ነበር።

እንጨቱ ትከሻዬ ላይ አረፈ። በሁለቱም በኩል መኪኖች ተደርድረዋል፤ አንድም ክላክስ የለም፣ አንድም ሞተር አይሰማም። የሰማሁት የእግራችንን ኮቴና፣ ጆሮዬ ሥር የስንታየሁን ትንፋሽ ብቻ ነው። ምልክት በሌለበት፣ ዜብራ ባልተቀባበት አስፋልት፣ ያ ሁሉ ብረት ለአንዲት ሴት ዝም አለ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እጄ ቃሬዛው ላይ ስለነበር አልጠረግኩትም።

4፡30፣ ጤና ጣቢያው

አዋላጇ በር ላይ ጠበቀችን። ስንታየሁ ገባች፣ በሩ ተዘጋ። ሾፌሮቹ መንገድ ዘግተው ስለነበር እየሮጡ ተመለሱ፤ ረጅሙ ሾፌር ግን ይበልጣልን «ቁጥሬን ያዝ፣ ሳትነግረኝ እንዳታድር» አለው። ይበልጣል ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ቀረ። አያ ወርቁ መሬት ላይ ተቀምጠው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። አዋላጇ ጓንቷን እያወለቀች ወጣች።

«ሴት ናት። እናትየውም ደህና ናት። ብዙ ደም ሊፈሳት ጀምሮ ነበር፤ ብትዘገዩ ኖሮ እንዲህ ቆሜ አላናግራችሁም ነበር።»

ይበልጣል ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ፤ ለሾፌሩ እኔ ደወልኩለት። «ደረሰች! ሁለቱም ደህና ናቸው!» ስለው በዚያኛው ጫፍ ክላክሱን ደጋግሞ ነፋው።

8፡20፣ ደምበጫ

ገበያው ደርቷል፤ ባጃጅ፣ ፈረስ፣ ሰው፣ ሁሉም አንድ መንገድ ላይ ነው። ትከሻዬ ላይ የእንጨቱ ምልክት ቀልቷል። ከብስክሌቱ ወርጄ፣ ልጅ ያዘለች ሴት አስፋልቱን ለመሻገር ቆማ ስትጠብቅ እያየሁ ብዙ ቆየሁ። አንዱ ያልፋል፣ ሌላው ይከተላል። ሁሉም ፍጥነቱን ቀነስ እያደረገ በጎኗ ይሾልካል እንጂ የሚቆም የለም።

መኪና የምትነዱ አንባቢዎቼ፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ይህን ሞክሩት። ነገ ለመሻገር የቆመ ሰው ስታዩ ቀነስ አድርጋችሁ አትለፉት። ቁሙ። ሞተሩን አጥፉ፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጉና እስኪሻገር ጠብቁት። ኮቴው ይሰማችኋል።