ጥጃ የታሰረበት ብረት

የፀሐይ መብራት ሰው አይገድልም ይባላል። አክስቴን ገድሏታል። የገደላት ድፎ ዳቦ የማያህል የብረት ሣጥን ነው፤ ስሙ ኢንቨርተር ይባላል። ሰዎች «የሚገድለው የመንግሥቱ መብራት ነው፤ የፀሐዩማ እንደ እጅ ባትሪ ነው» ሲሉ ግማሹ እውነት ነው። ቆርቆሮ ላይ ከተነጠፈው ሰሌዳ እስከ ባትሪው ድረስ ያለው ኃይል ለዘብ ያለ ነው። ሣጥኑ ግን ያንን ተቀብሎ፣ በምሰሶ ከሚመጣው መብራት እኩል አድርጎ ነው የሚያወጣው። ይህን የሚያውቅ ሰው ያኔ ጥቂት ነበር። እኔ ከጥቂቶቹ አንዱ ነበርሁ። «እንደ እጅ ባትሪ ነው» ካሉት ሰዎችም አንዱ እኔው ነበርሁ።

አክስቴ ከሮብ ገበያ ከተማ በላይ፣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው ዳገት ላይ ነበር የምትኖረው። የመብራቱ ምሰሶ ከተማዋ ድረስ መጥቶ ቆሞ ነበር። ዘመኑ ሁለት ሺህ ከባተ በኋላ ነው። ባሕር ዳር ያለችው ልጇ በዓላትን እቤቷ ሆና እንድታይ ቴሌቪዥን ላከችላት፤ ለቴሌቪዥኑ ሲባል ሰሌዳው፣ ባትሪውና ሣጥኑ ተከትለው መጡ። የሚገጥመውን ሰው ከምኖርበት ከደብረ ማርቆስ ይዤ የሄድሁት እኔ ነኝ። በፊት ሬዲዮ ጠጋኝ የነበረ፣ ጎልማሳ፣ እጁ ጥሩ፣ አፉ ግን የማያርፍ ሰው ነበር።

ሣጥኑን ከመደቡ በላይ፣ ተቀምጦ እጅ በሚደርስበት ቦታ አስቀመጠው። ከዚያ ሁለት ክንድ የሚሆን ብረት ይዞ ወደ ጓሮ ዞረና የጣሪያው ውኃ ከሚወርድበት ሥር በመዶሻ ይቸክል ጀመር። አክስቴ ወገቧን ይዛ ቆመችበት።

«ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?»

«ኧርዝ ነው እማማ። ሣጥኑ ውስጥ ሽቦ ቢላጥ፣ ኤሌክትሪኩ በእርስዎ ፈንታ በዚህ በኩል መሬት ይገባል።»

«በእኔ ፈንታ? እኔ ዘንድ ምን ሊያደርግ ይመጣል?»

«አይመጣም። ምናልባት ቢመጣ ብዬ ነው።»

«ለሚመጣው እንግዳ ማደሪያ ሠራህለት በለኛ።»

ሳቀ። አረንጓዴ ሽቦ ከሣጥኑ አውጥቶ ከብረቱ ጋር አሰረው። እኔ ስለ ሥራው አንድ ሁለት ነገር ላርመው ስሞክር ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይሄ በመጽሐፍ የሚሆን አይደለም» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን ቋጠርሁት።

ሰኔ ገባና ደመናው ከጮቄ መውረድ ጀመረ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ባሕር ዛፍ ሥር የተጠለሉ ሁለት በሬዎቿን መብረቅ ገድሎባት ስለነበር፣ አክስቴ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ወደ ጓሮው ታይ ነበር። አንድ ቀን ልጠይቃት ብሄድ ገና ሳልቀመጥ ጀመረች።

«ብረት መብረቅ ይስባል ይላሉ። ያ ስታገላብጠው የምትውለው ወረቀት ሁሉ ምን ይላል?»

ወረቀቱ የሚለውን አውቅ ነበር። መብረቅ የሚጠራው ከቤት በላይ ወደ ሰማይ የቆመ ብረት እንጂ መሬት ውስጥ የተቀበረ እንዳልሆነም አውቅ ነበር። ግን ያ ሬዲዮ ጠጋኝ ትዝ አለኝ።

«ይስባል የሚሉ አሉ» አልኋት። «ሣጥኑ እንደሆነ ያለ እሱም ይሠራል። የባትሪ ጉልበት ምን ያህል ነው? ሰውየው የተማረ ለመምሰል ነው የቸከለው።»

«እና ይነቀል?»

«እኔ ብሆን እነቅለዋለሁ።»

በማግስቱ ሁለት ጎረቤቶች ወዝውዘው ነቀሉት። ብረቱ ደህና ብረት ስለነበር አልተጣለም፤ በረቱ ጎን ተቸከለና ጥጃ ታሰረበት። አረንጓዴው ሽቦ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቴሌቪዥኑ እንደ በፊቱ ሠራ። ያልሁት ስለሆነልኝ ደስ አለኝ።

በጥር፣ ለጥምቀት ስመለስ ቤቱ ሐኪም ቤት ሆኖ አገኘሁት። መደቡ ላይ የተቀመጡት ጎረቤቷ የኔታ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው ጉልበታቸው ያለቀ፣ ዓይናቸውም የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ወለሉ ላይ አድርገው፣ መዳፋቸውን ሣጥኑ ላይ ጣል አድርገዋል።

«የኔታ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ይወረኛል ልጄ። እንደ ጉንዳን ከጣቴ ተነሥቶ ክርኔ ይደርሳል። ከዚያ ቁርጥማቱ ለቀቅ ይላል።»

«የኔታ ጠበሉን ትተው ወደ ሣጥን ሄዱ እያሉ ሲያሟቸው ነው የሰነበቱት» አለች አክስቴ።

«ጠበሉ ያለው ዳገት ላይ ነው። በየትኛው ጉልበቴ ልውጣው? መጀመሪያ ይሄ ያሽለኝና ወደዚያ እሄዳለሁ።»

እሷም ጣቶቿን ቁርጥማት አጣሞባት ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስም፣ እጇን ታኖርበት እንደነበር ነገረችኝ። ሞክረው አለችኝ። እጄን ዘረጋሁ፤ ምንም የለም።

«ጫማህን አውልቅ እንጂ። በጫማ አይሠራም።»

አወለቅሁ። እውነትም ወረረኝ። የሚወር ሣጥን ማለት ኤሌክትሪኩ ወደ ቆዳው እየወጣ ያለ ሣጥን ማለት ነው። በባዶ እግር ብቻ የሚወር ከሆነ ደግሞ መንገዱ የሰውየው ሰውነት ነው። ከጓሮ የተነቀለው ብረት ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን የኔታ እየሠሩት ነበር። ይህ ሁሉ ባንዴ ገባኝ። ገብቶኝ ሳቅሁ። ጫማ ወልቆ የሚቀረብ የቻይና ሣጥን፤ እንዲህ ያለ ወግ በዕድሜዬ አላገኘሁም ነበር።

ደብረ ማርቆስ ተመልሼ ስድስት ወር ሙሉ አወራሁት። በየተቀመጥሁበት የኔታን እየመሰልሁ፣ እጄን ጠረጴዛ ላይ እያኖርሁ፣ ሰው አሳቅሁ። በየጊዜውም ጨመርሁበት። «ሣጥኑን አጥፉት፣ ብረቱን ወደ ቦታው መልሱት» ብዬ ግን በአንድ መንገደኛ እንኳ መልእክት አልላክሁም። ወጉ ያልቅብኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም፣ አክስቴ አስቀድሳ በዝናብ ተመለሰች። ደጃፉ ላይ ጭቃውን ከእግሯ ታጠበች። ከነእርጥቡ ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠችና እጇን ሣጥኑ ላይ አኖረች። በዚያ ቀን ጉንዳኑ አልነበረም። ያዛት።

ከእሷ ቀጥሎ የገቡት የኔታ ናቸው። ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጇ ሣጥኑ ጠርዝ ላይ እንዳለ፣ በደከመ ዓይናቸው አዩዋት። እየታከመች መሰላቸው። ከመደቡ ሌላ ጫፍ ተቀምጠው ተራቸውን ጠበቁ። ስለ ዝናቡ አወሩላት፤ በዚያ ቀን ቅዳሴው መርዘሙንም አነሡ። ዝም ስትላቸው ደክሟት ነው አሉ። ዝምታው ሲበዛባቸው ነው ወጥተው ጎረቤት የጠሩት፤ እሱም ሽቦውን ከባትሪው በዱላ መትቶ በጠሰው። ይህን ራሳቸው ነገሩኝ። «ፈጥና ብትጨርስ ብዬ ተመኝቼ ነበር» አሉኝ።

ለቀስተኛው በፍልሰታ መሞት መታደል ነው አለ። ካህናቱም አሉ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ፤ ሁሌ ሰው ያለውን የምቃወመው ሰውዬ በዚያ ቀን የምቃወመው ጠፋኝ።

ሬዲዮ ጠጋኙ በሠልስቱ መጣ። እንባውን ጠርጎ ሣጥኑን ፈታው። ውስጡ አንድ ሽቦ ልባሱ ቀልጦ ከሣጥኑ ብረት ጋር ተጣብቋል። ለአምፖል ተብሎ ወደ ማድ ቤት የተሳበው ሌላው ሽቦ ደግሞ የጣሪያው ቆርቆሮ ፍቆት፣ ዝናቡ ከእርጥቡ ግድግዳ ጋር አገናኝቶታል፤ በሣጥኑና በእርጥቡ መሬት መካከል የነበረው ድልድይ የእሷ ገላ ነበር። ከዚያ አረንጓዴውን ሽቦ ተከትሎ ወደ ጓሮ ዞረ። እኛም ተከተልነው። የሽቦው ጫፍ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ዙሪያውን ሲያይ ጥጃውን አየ፤ ከጥጃው ገመዱን፣ ከገመዱ ብረቱን።

«ማን ነቀለው?»

ነቃዮቹ ሁለት ጎረቤቶች መሬት መሬት አዩ።

«እሷ ናት ያስነቀለችው» አልሁ። «መብረቅ ፈርታ።»

አንዱም ቃል ውሸት አይደለም።

«ነግሬያቸው ነበር» አለ ሰውየው ጥጃውን እያየ። «ሳቅሁ እንጂ አጥብቄ አልነገርኋቸውም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

የዚያን ጊዜ ልናገር እችል ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ቆሞ ነበር፤ የኔታም በዘንጋቸው ተደግፈው ይሰሙ ነበር። «አይ፣ አንተ አይደለህም» ማለት ሦስት ቃል ነው፤ «እኔ ብሆን እነቅለዋለሁ»ም ሦስት ቃል ነበር። ያኛውን ሳልጠየቅ ጭምር እለው ነበር፤ ይኼኛውን አላልሁትም። ሰውየው ጥፋቱን ይዞ ወደ ማርቆስ ወረደ።

ዛሬም ይገጥማል። በየቤቱ ብረቱን ሲቸክል ባለቤቱን «አልነቅልም ብለህ ማል» ይለዋል አሉ፤ ሰዎች ይሥቁበታል፣ አእምሮው ተነክቷል የሚሉም አሉ። እስካሁን ፊት ለፊት አልነገርሁትም። ይህ ጽሑፍ እጁ ከገባ ያውቀዋል።

እናንተ ግን ይህን አስቀምጡና ወደ ጓሮ ውጡ። ከሣጥኑ የሚወጣውን የመሬት ሽቦ በእጃችሁ ሳይሆን በዓይናችሁ ተከተሉት። ጫፉ መሬት ውስጥ ካልሆነ፣ ወይም ሣጥኑ አንድ ቀን እንኳ ወርሯችሁ ከሆነ፣ የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ አትንኩት። «እኔ ብሆን» የሚል ያነበበ ዘመድ ካላችሁ ከቤት አስወጡት። አሁን ሂዱ።