ወርቅነህ ማሲንቆ የተማረበት ምክንያት

ይቅርታ አርጉልኝ። ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ሰው ነኝ፤ ለመጻፍ መድፈሬ እኔንም ያሳፍረኛል። ፊደል ብገድፍ እለፉኝ። የወርቅነህን ነገር የሚጽፍ ሌላ ሰው ባጣ ነው።

ወርቅነህ የስማዳ ልጅ ነው። እናቱ ዓለሚቱ ወገዳ ገበያ ጠላ እየሸጠች አሳደገችው። ማሲንቆ ገና ሲጀማምር አንድ ሰርግ ላይ ተጫወተ። በላይነህ የሚባል ባለጸጋ ከዳሱ መሀል ብድግ አለና «ተቀበል!» አለው።

«ጠላ ትሸጥ ነበር እናቱ ለመንገደኛ፣
አባቱን አታውቅም የዚህ ዘፈነኛ።»

አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም አልቀበልም አይልም። እናቱ እዚያው ተቀምጣ እየሰማች ወርቅነህ እንዳለ ዘፈነው። ዳሱ በሳቅ አውካካ። ዓለሚቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አርጋ ወጣች።

በሳምንቱ ወርቅነህ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሄዶ ጋሽ ሥዩም ከሚባሉ አንጋፋ አዝማሪ ዘንድ ገባ።

«ጣት ማንም ያፍታታል» አሉት። «አዝማሪ የሚያድረው በስም ነው። የመቶ ሰው ስም ከነአባቱ ይዘህ ካላወደስህ እንጀራ የለህም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ያገሩን ሰው ስም እየጠራ ተለማመደ። በላይነህ ላይ ሲደርስ ግን አፉን ዘግቶ ማሲንቆውን ብቻ ይገዘግዛል።

«ይሄን ሰውዬ ለምን ትዘለዋለህ?»

«እሱን ለመዝለል ነው የምማረው፣ ጋሼ።»

ጋሽ ሥዩም ሳቁ። «እንግዲያው ሌላውን አንድ ሳታስቀር ያዝ። ሁሉ ካልተጠራ የተዘለለው አይታወቅም።»

ባለፈው ጥር በላይነህ ወንድ ልጁን ዳረ። የሰደበውን ረስቶት ኖሯል፤ ስሙ የወጣ አዝማሪ ነው ብሎ ወርቅነህን ለሰርጉና ለማግስቱ ቀጠረው። ወርቅነህ ዳሱን ከጥግ እስከ ጥግ አዳረሰው። ቄሱን፣ ሚዜዎቹን፣ ጠላ ቀጂዋን፣ የበላይነህን በቅሎ ሳይቀር አወደሰ።

በላይነህ ስሙን ቢጠብቅ ቢጠብቅ የለም። ተነሥቶ መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። «አንተ፣ እኔስ? የቤቱን ጌታ ረሳህ እኮ!»

ወርቅነህ ዓይን ዓይኑን እያየ ማሲንቆውን ብቻ ገዘገዘ። ብሩ በላብ ርሶ መሬት ወደቀ፤ ዞሮም አላየው።

«ወይ ጉድ! በቅሎዋ በለጠችው!» አለች አንዲት ሴት። ዳሱ ሳቁን ለቀቀው። በላይነህ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ተቀመጠ።

በማግስቱ ጠዋት ወርቅነህ ፊቱን ታጠበ፣ ቁርሱን በላ፣ ማሲንቆውን አንግቦ ወደዚያው ዳስ ተመለሰ። በላይነህ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ወርቅነህ «እንደምን አደሩ» ብሎ እጅ ነሣና ሙሽሮቹን በየስማቸው አወደሰ፤ ሚዜዎቹን አስከተለ። በላይነህን ደግሞ ዘለለው።