ከበሩ ራስ የወረደው ቅጠል

እኔ ቤት አፍራሽ ነኝ። ኤክስካቫተር መንዳት ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ። ታናሽ እህቴ ደግሞ እኔ ያፈረስኩትን ትለቅማለች፤ ሰፈሩ ሁሉ «ለቃሚዋ» ነው የሚላት። የተሰበረ የዓምድ ራስ፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ ግማሹ የቀረ የጣሪያ አበባ፣ ብቻ ሌላው ረግጦት የሚያልፈውን ሁሉ ቤቷ ታስገባለች። ከእሱ ቅርጽ ታወጣና በጂብሰም የሰው ሳሎን ታስጌጥበታለች። አልጋዋ ሥር ሳይቀር ድንጋይ ነው። ባሏ «ያገባሽው እኔን ነው ወይስ ግንብ?» ይላታል።

ያን ሰሞን ላፈርሰው የሄድኩት ቤት ግን ለእሷ እንደሌላው አልነበረም። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የዚያ ቤት ዘበኛ ነበር። ልጅ ሆና ምሳውን ስታደርስለት ከበሩ በላይ የተቀረጸውን የወይን ቅጠል አንጋጣ እያየች በከሰል መሬት ላይ ትስለው ነበር። እስከ ዛሬ የሠራችው ሁሉ ከዚያ ቅጠል የወጣ ነው። ፎቶ ላንሳልሽ ብላት «ፎቶ ጥልቀቱን ከየት ያመጣዋል?» አለችኝ። በጂብሰም ካልቀዳችው ለዘላለም ልታጣው ነው።

አለቃዬን ለምኜ አንድ ሰዓት አስፈቀድኩላት። መሰላል ላይ ወጣችና መጀመሪያ ሰማያዊ ቀለም የገባበት ስስ ጂብሰም ቅጠሉ ላይ ቀባች። ነጩን ከላይ ደረበችበት፤ በጆንያ ቁራጭ አጠነከረችው። ሰማያዊው፣ ቅጂው ከየት እንደሚጀምር ማወቂያዋ ነው። ከዚያ ወዲያ እስኪደርቅ መጠበቅ ብቻ።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ግድግዳው ሲንጣጣ ሰማሁ። ከጎኑ የነበረውን ክፍል ትናንት ያፈረስኩት እኔው ነኝ፤ ደጋፊ አልቀረለትም። ከበሩ ራስ ሽቅብ የወጣው ስንጥቅ ዓይኔ እያየ ሰፋ።

«ውረጂ» አልኳት።

«አልደረቀም፣ ጋሼ።»

«እሱ እስኪደርቅ አንቺ ልትሞቺ ነው? ውረጂ እኮ ነው የምልሽ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሁለት እጇን ቅጂው ላይ ጭና ንቅንቅ የለም። ወጥቼ እንዳልጎትታት መሰላሉ ሁለት ሰው አይችልም። ምን ላድርግ፣ ኤክስካቫተሩ ላይ ወጣሁና አካፋውን ቀስ አድርጌ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ትንሽ ባበዛ ወደ ውስጥ ይደረመስና እሷንም ይዟት ይሄዳል፤ ትንሽ ባሳንስ በላይዋ ይወድቃል። አለቃዬ ከኋላ ይሰድበኛል። እኔ ዓይኔን ከስንጥቁ አላነሳሁም፣ ማን ይሰማዋል።

በመጨረሻ ደረቀ። ሳበችው። አሁንም ሳበችው።

«እምቢ አለ» አለች።

«ሳሙና ቀብተሽው ነበር?»

ግንባሯን በመዳፏ መታች። አሮጌውን ቅርጽ ሳሙና ሳይቀቡት ጂብሰም ካሳረፉበት ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፤ ይህን ለስንት ተለማማጅ ያስተማረች እሷ ናት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። መሮዋን አወጣችና ቅጠሉን ከነቅጂው ከግንቡ ትፈለፍለው ገባች። እኔ ማርሹን እንደያዝኩ ነኝ። እንደ ሕፃን አቅፋው ወርዳ ራቅ ስትል አካፋውን ሳብኩ፤ ግድግዳው እዚያው ተደረመሰ። ተሳደብኩ፣ ከዚያ አቀፍኳት።

ከሰዓት በኋላ ቤቷ ወለል ላይ ተቀመጥን። አሮጌው ቅጠል ቅጂው ውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። አንዱ ካልተሰበረ ሌላው አይወጣም። መሮውን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«አንተ ስበረው። እኔ አልችልም። ሰማያዊው ሲታይህ አቁም» አለችና ፊቷን አዞረች።

ሙሉ ፎቅ ሳፈርስ ቅንጣት አዝኜ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከሥሩ የቆመበትን ቅጠል ፍርፋሪ በፍርፋሪ ሳነሳ አለቀስኩ፤ ምን አሳፍሮኝ እደብቃለሁ። ሰማያዊው ብቅ አለ፤ የቅጠሉ ጅማት ሁሉ ቅጂው ላይ ደህና ነው።

«ወጣ?» አለችኝ ሳትዞር።

«ወጣ።»

«ከአሮጌውስ ምን ተረፈ?»

«ምንም» አልኳት።