ቀድሞ የተፈረመ ሪፈር

ቡራዩ ውስጥ በአንድ ትንሽ ሆስፒታል ሐኪም ሳለሁ ክፍያችን በነጥብ ሆነ። የዳነ በሽተኛ ነጥብ ይጨምራል፣ የሞተ ይቀንሳል፣ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የተጻፈለት ግን ከሁለቱም አይቆጠርም። ሪፈር የጻፈ ሐኪም ከደሙ ንጹሕ ነው። ያ ነገር አበላሸን። ለምርመራ ብቅ ያለ ነጋዴ ወንበር ተስቦለት ይስተናገዳል። የገፈርሳ ገበሬ ግን ሥራ ይዞት፣ ሕመሙ ከጠናበት በኋላ ነው የሚመጣው፤ እሱን ተቀብሎ ማከም ነጥብን በገዛ እጅ መጣል ነበር። ስለዚህ መሳቢያዬ ውስጥ ፈርሜ ማኅተም ያስመታሁባቸው የሪፈር ወረቀቶች አስቀምጥ ነበር። የሚጎድላቸው ስም ብቻ ነው። ሁላችንም እንዲያ ነበርን፤ ፈጣኑ ግን እኔ ነበርኩ፣ እኮራበትም ነበር።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ከተማችን የደረሰ ቀን ከረፋዱ ጀምሮ ተኩስ ነበር። አስለቃሽ ጭስ በመስኮት ገብቶ ነርሶቹን በሳል ጨረሳቸው። ድንጋይ የፊት መስታወታችንን አረገፈው። ወዲያው አራት ሰዎች አንድ አናጺን፣ ራሱ ሊሸጠው ባዘጋጀው በር ላይ አስተኝተው ተሸክመውት እየሮጡ ገቡ። ሆዱን በጥይት ተመቷል። ደሙ በበሩ ጠርዝ እየወረደ ኮሪደሩን አጥለቀለቀው። አባቱ ጋቢያቸውን ቁስሉ ላይ በሁለት እጃቸው እንደተጫኑ፣ "ዶክተር፣ ማሎ፣ ልጄን አድንልኝ!" አሉኝ።

ሆድ ከፍቼ ሰፍቼ አውቃለሁ። ኦፕሬሽን ክፍሉም ባዶ ነበር። እጄ ግን ወደ መሳቢያው ሄደ። ያን እጅ ዛሬም መቁረጥ ያምረኛል።

"ኦቦ፣ አዲስ አበባ ይውሰዱት፤ እዚያ ይሻለዋል" አልኳቸው።

"መንገዱ ዝግ ነው እኮ፤ ጎማ እየነደደ ነው!"

"ወረቀቱን ሲያዩ ያሳልፏችኋል።"

ማን እንደሚያሳልፋቸው እኔም አላውቅ። ማኅተም ስላዩ ግን አመኑኝ፤ አባትየው ጎንበስ ብለው አመስግነውኝ ወጡ።

መንገዱ ላይ ድንጋይ የተደረደረበት ጋ ሲደርሱ ተኩስ ተከፈተ። ተሸካሚዎቹ በሩን ጥለው ተበተኑ። አናጺው አስፋልት ላይ ደሙ አልቆ ሲሞት፣ አባቱ ከጥይት ሊከልሉት ላዩ ላይ ተኝተው ነበር። ይህን የነገረችኝ ሚስቱ ናት፤ በሳምንቱ ጥቁር ለብሳ የሞት ማስረጃ እንድጽፍላት መጣች። መዝገቡን ገለጥኩ። ስሙ ሪፈር ከተባሉት ጋር ሰፍሯል። በዚያ ወር እኛ ጋ የሞተ ሰው የለም ተብሎ ተመስግነናል።

"እዚህ አልሞተም እህቴ፤ የሞተበት ቦታ ሄደሽ አጽፊ" አልኳት።

"የሞተው መንገድ ላይ ነው" አለችኝ፤ "መንገድ ይጽፋል እንዴ?"