ላቧ ያልደረቀች መኪና

ንጋት 12 ሰዓት፣ አዲስ አበባ

አባቴ የግራ ዓይናቸውን ከታከሙ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ዛሬ ዓይናቸው እንደተሸፈነ ቡሬ አጠገብ ካለው ቀያቸው ላደርሳቸው ተነሣን። ሐኪሙ መንገጫገጭም ማጎንበስም ከልክሏቸዋል፤ ቀኙን ከወር በኋላ እንዲታከሙም ቀጥሯቸዋል። እሳቸው ግን «አንዱ ይበቃኛል» ብለዋል። ዕድሜ ልካቸውን ድጓ ያስተማሩ መሪጌታ፣ በቀኝ ዓይናቸው ፊደል መለየት ካቃታቸው ዓመት አልፏል። ስለዚህ ሥራዬ አንድ ነው፤ ሳላስፈራቸው አድርሼ ለቀጠሮው እንዲመለሱ ማድረግ።

አሮጌዋ መኪናዬ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቢሮ ታመላልሰኛለች። አንዳንድ እሑድ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ከከተማ ወጣ ብለን የዙር ውድድር እነዳታለሁ። ይህን አባቴ አያውቁም። ባለፈው እሑድ ፍሬኗ እስኪሸት ነድቻት ነበር። የፍሬኑን ዘይት እቀይራለሁ እያልኩ ሰነፍኩ።

3 ሰዓት፣ የዓባይ በረሃ

ጎሃ ጽዮን ሻይ ጠጥተን ቁልቁለቱን ያዝን። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ይወርዳል። እኔም እንደሱ ማድረግ ሲገባኝ ማርሹን ሦስተኛ ላይ ትቼ፣ እግሬን ከፍሬኑ ሳላነሣ ወረድኩ። ከድልድዩ ሳንደርስ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ፤ ወዲያው ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ለሰለሰ። ሁለተኛ፣ ከዚያ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ፔዳሉን ደጋግሜ ስረግጠው ትንሽ ያዘልኝና መንገዱ ሜዳ ከሚሆንበት ጥግ ቆምን። በድንጋጤ የእጅ ፍሬኑንም ሳብኩ።

«ምነዋ ቆምን?» አሉ አባቴ።

«ትንሽ እንረፍ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«ይሸታል።»

ፓፓያ የሚሸጥ ሰውዬ ጀሪካን አንጠልጥሎ ሮጠ። «ጎማው ይጨሳል! ውሃ ላፍስበት?»

በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍ ብረቱ እንደሚጣመም፣ ሊሰነጠቅም እንደሚችል አውቃለሁ። ያንን ሳልናገር ግን አባቴ መቋሚያቸውን በመስኮት አወጡ።

«ተው ልጄ! ላቧ ሳይደርቅ ውሃ ይሰጧታል? በቅሎ ቁልቁለት ሮጣ ስትመጣ ወዲያው አትታሰርም፣ አትጠጣም። እያንሸራሸሩ ነው የሚያበርዷት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺ ሩጫ የለመደች ትመስላለች።»

መደበቅ አልቻልኩም። «እሑድ እሑድ እወዳደርባታለሁ፣ አባባ። ዘይቷን መቀየር ነበረብኝ፤ አልቀየርኩም።»

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሩጫውን ስትጨርሱ እንዲያው ቀጥ አድርጋችሁ ትገትሯታላችሁ?»

«የለም። የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳንነካ፣ ነፋስ እንዲያበርደው ቀስ ብለን ነው የምንዞረው።»

«እንግዲያ ታውቃለህ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የእጅ ፍሬኑን ለቅቄ ማርሽ አስገባሁና ለጎማው ድንጋይ አስደገፍኩ፤ የጋለ ፍሬን ተይዞ ሲቆም ይጣበቃል። ጀሪካን ከያዘው ሰውዬ ፓፓያ ገዝተን በላን። አንድ ሰዓት ያህል ጠብቀን፣ ፔዳሉ መልሶ ሲጠነክር በአንደኛ ማርሽ እስከ ድልድዩ ተሳብን። እስከ ደጀን ባለው ዳገት አባቴ የበሩን እጀታ አጥብቀው እንደያዙ ነበሩ። ቀኙ ዓይን በእኔ ጥፋት ሳይታከም ቀረ ብዬ ፈራሁ።

9 ሰዓት ተኩል፣ ፍኖተ ሰላም

ባጃጁና የፈረስ ጋሪው የሚጋፉበትን ዋና መንገድ ቀስ ብዬ አልፌ አንድ ጋራዥ ገባሁ። ሸበት ያለው መካኒክ የፍሬኑን ዘይት በጣሳ ቀዳ። እንደ አተላ ጠቁሯል።

«ይኸ ውሃ ስቧል። ሲግል ይፈላል፤ ሲፈላ አረፋ ነው፣ አረፋ ደግሞ ምን ይይዛል?»

«መቼ መቼ ነው የሚቀየር?» ጠየቁ አባቴ፣ ከተቀመጡበት በርጩማ።

«ለሰላማዊ ሰው ዓመት ሁለት ዓመት ይቆያል፣ መሪጌታ። ለሚያስሮጣት ግን ለሩጫ ከመውጣቱ በፊት ነው።»

አሮጌውን አስወጥቶ አዲስ ሞላ፤ ያለቀውን የፊት ሸራም ቀየረ። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለእሱ ይሁን ለእኔ አላወቅሁም።

11 ሰዓት ተኩል፣ ከቡሬ ወዲያ

ከቡሬ ወጥተን የገጠሩን ጥርጊያ መንገድ ያዝን። በግራ ቀኝ ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል። ወደ ቀዬው የሚወርደውን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩት፤ ፍሬኑን ጫን አድርጌ ወዲያው እለቅቃለሁ። ዳገት ለመውጣት የምታስገባውን ማርሽ ለመውረድም አስገባ የሚለውን ምክር ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የገባኝ ግን ዛሬ፣ የተሸፈነ ዓይን አጠገቤ ተቀምጦ ነው።

ከደጃቸው ስደርስ መሪውን ጠመዘዝኩ። አባቴ ክንዴን ያዙኝ።

«አትቁም። ቁልቁለት ወርዳለች። ደብሩን አንድ ዙር አዙራት።»

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ያለውን መንገድ በእርጋታ ዞርን። ጎረቤቶች ቆመው ያዩናል፤ አባቴ በመስኮቱ እጃቸውን ያነሣሉ። ተመልሰን ስንቆም ወረዱ። ማጎንበስ ስለተከለከሉ አንድ ድንጋይ በመቋሚያቸው ዳብሰው፣ እየገፉ ከጎማው ሥር አስገቡት።

«ለወሩ ቀጠሮ ልትወስደኝ ስትመጣ፣» አሉ፣ «ዘይቷን አስቀድመህ ቀይር።»